የዱር ትምባሆ ራሱን ከቫይረስ እንዴት እንደሚጠብቅ

ሰው ሲታመም ወደ ሐኪም ይሄዳል፤ እንስሳም ጠላት ሲመጣበት ይሸሻል ወይም ይዋጋል። ተክል ግን በተተከለበት ቦታ ቆሞ የመጣበትን ሁሉ ከመቀበል በቀር ሌላ መላ ያለው አይመስልም። እኛም እስከ ዘንድሮ ድረስ የምናስበው እንዲህ ነበር።

ዘንድሮ በትምህርት ቤታችን የአትክልት ቦታ የተከልነው ቲማቲም ቅጠሉ ዥጉርጉር ሆኖ መኮማተር ጀመረ። መሬቱ የደከመ መስሎን ፍግ ጨመርንበት፤ ቅጠሉንም እየዳሰስን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስንዘዋወር ሰነበትን። በሽታው ግን ባሰበት። መምህራችን ባዩት ጊዜ የሞዛይክ በሽታ ሳይሆን እንዳልቀረ፥ የሚያዛምተውም የገዛ እጃችን ሊሆን እንደሚችል ነገሩን። በዚህ ምክንያት መጻሕፍት አገላብጠን ያገኘነውን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው በሆላንድ አገር ነው። በዚያ የነበሩት የትምባሆ ገበሬዎች ቅጠሉን በሚያዥጐረጕር በሽታ ይቸገሩ ነበር። በቫኽኒንገን የእርሻ ምርመራ ጣቢያ ይሠራ የነበረው ጀርመናዊው አዶልፍ ማየር እንደ እኛው አስቀድሞ አፈሩን መረመረ፤ ነገር ግን ጕድለት አላገኘበትም። ቀጥሎ የታመመውን ቅጠል ወቅጦ ጭማቂውን በቀጭን የመስተዋት ቀሰም ወደ ጤነኛ ተክል ቢያስገባ፥ ከ10 ጊዜ 9ኙን ጤነኛው ታመመ። ይህንንም በ1886 ዓ.ም. ጽፎ አስታወቀ፤ «ሞዛይክ» የሚለውን ስም ለበሽታው ያወጣለትም እርሱ ነው።

በ1892 ዓ.ም. ሩስያዊው ዲሚትሪ ኢቫኖቭስኪ ጭማቂውን ባክቴሪያ በማያሳልፍ የሸክላ ማጥለያ አጠለለው። የጠለለው ጭማቂ ግን በሽታ ማስያዙን አልተወም። በ1898 ዓ.ም. ሆላንዳዊው ማርቲኑስ ቤየሪንክ ይህ ነገር ባክቴሪያ እንዳልሆነ፥ የሚራባውም በሕያው ተክል ውስጥ ብቻ እንደ ሆነ ገልጦ «ቫይረስ» አለው። ቃሉ በላቲን መርዝ ማለት ነው። እንግዲህ ዛሬ በሰውና በእንስሳ ላይ ስለሚመጡት ቫይረሶች ሁሉ የምናውቀው ዕውቀት ከዚህ ከትምባሆ ቅጠል የተጀመረ ነው ማለት ይቻላል።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ ተሸነፈው ስለ እርሻው ትምባሆ ነው። አሁን ወደ ዱር ዘመዱ እንሻገር። በ1929 ዓ.ም. አሜሪካዊው ፍራንሲስ ሆልምስ የታመመውን ተክል ጭማቂ በደቡብ አሜሪካ በሚበቅል ኒኮቲያና ግሉቲኖሳ በሚባል የዱር ትምባሆ ቅጠል ላይ አሸ። በጥቂት ቀናት ውስጥ በቅጠሉ ላይ ጥቃቅን የደረቁ ነጠብጣቦች ወጡ። በሽታው ግን ከዚያ አላለፈም፤ የቀረው የተክሉ አካል ጤነኛ ሆኖ ቀረ።

ይህ የሆነው ስለ ምንድን ነው? ቫይረሱ በገባበት ስፍራ ያሉት ሴሎች ጠላት መግባቱን ዐውቀው ራሳቸውን ይገድላሉ፤ በዙሪያው ያሉትም መከላከያቸውን ያጠነክራሉ። ቫይረስ ያለ ሕያው ሴል መራባት ስለማይችል በዚያው ታጥሮ ይቀራል። በመንደር ውስጥ አንድ ጎጆ በእሳት ሲያያዝ ጎረቤቶች የሚቀጥለውን ጎጆ ክዳን አፍርሰው እሳቱን እንደሚያግዱት ያለ ነው። ጥቂቱ ይጠፋል፤ መንደሩ ግን ይድናል።

ነጠብጣቦቹ ለሊቃውንትም ትልቅ መሣሪያ ሆኑላቸው። ጭማቂው ብዙ ቫይረስ ሲኖረው ብዙ ነጠብጣብ፥ ጥቂት ሲኖረው ጥቂት ነጠብጣብ ስለሚወጣ የማይታየውን ጠላት በዐይን መቍጠር ተቻለ። ዌንደል ስታንሊም ይህን መለኪያ ይዞ በ1935 ዓ.ም. ቫይረሱን አጥርቶ እንደ ጨው በክሪስታል መልክ አወጣው፤ በ1946 ዓ.ም. ከኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ።

በ1961 ዓ.ም. ደግሞ ፍራንክ ሮስ ሌላ አስደናቂ ነገር ገለጠ። ይህ የመከላከል ባሕርይ ያለው ትምባሆ በታችኛው ቅጠሉ ላይ አንድ ጊዜ ከተጠቃ በኋላ፥ ያልተነኩት የላይኛው ቅጠሎች ሁለተኛውን ጥቃት በበለጠ ኀይል ይቋቋሙታል። ከአንዱ ቅጠል ወደ ሌላው የማስጠንቀቂያ መልእክት ይተላለፋል ማለት ነው። በ1990 ዓ.ም. እንደ ተገለጠው፥ በዚህ ጊዜ በተክሉ ውስጥ የአስፕሪን ዘመድ የሆነው ሳሊሲሊክ አሲድ ይበዛል።

ዳሩ ግን ይህ አጥር ፍጹም አይደለም። ሙቀቱ ከ28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን መከላከያው ይደክምና ቫይረሱ በተክሉ ሁሉ ይሰራጫል። ኋላ ብርዱ ሲመለስ መከላከያው በአንድ ጊዜ ይነሣል፤ የሚገድለውም ጥቂት ሴሎችን ሳይሆን ቫይረሱ የደረሰበትን አካል ሁሉ ነው። ጠላትን በጊዜው አለማገድ ምን ያህል እንደሚጎዳ ከዚህ እንማራለን።

ሆልምስ ይህን ባሕርይ በማዳቀል ወደ እርሻው ትምባሆ ማስተላለፉን በ1938 ዓ.ም. አስታወቀ። ባሕርዩን የሚያወርሰው ጂን በ1994 ዓ.ም. ተለይቶ ታወቀ፤ በ1996 ዓ.ም. ደግሞ ይኸው ጂን ወደ ቲማቲም ገብቶ ቲማቲሙን ከዚህ ቫይረስ መጠበቁ ተገለጠ። ይህን ስናነብ የራሳችን ቲማቲም ትዝ አለን።

እኛ የታመሙትን ነቅለን አቃጠልናቸው፤ አሁን ተክሎቹን ከመንካታችን በፊት እጃችንን በሳሙና እንታጠባለን። ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ግን አግኝተናል። ማንም ገበሬ ለገበያ የማይዘራው የዱር ተክል ለእርሻው ዘመዱ መድኃኒት ይዞለት ኖሯል። ስለዚህ፥ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ተማሪዎች ሆይ፥ በየሜዳውና በየገደሉ የሚበቅለውን ሁሉ አረም ነው ብለን ከማጥፋታችን በፊት እንመርምረው። አንድ ጊዜ ከጠፋ በኋላ የያዘውን ዕውቀት ከማን እንጠይቃለን?