በክረምት ጎርፍ ወቅት የወንዝ ውሃ ገጽ የሚሰጣቸው ምልክቶች

ከሰበታ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ተጂ ከተማና አካባቢዋ በበቾ ሜዳ ላይ ያረፉ ናቸው። ሜዳው ለጥ ያለ፣ አፈሩም ውሃ ቶሎ የማያሰርግ መረሬ በመሆኑ፣ በክረምት የአዋሽና የገባሮቹ ውሃ ከወንዙ አልፎ በማሳና በመንገድ ላይ ይተኛል። ስለዚህ የውሃን ገጽ አይቶ ከሥሩ ያለውን ሁኔታ መገመት ለነዋሪው ጠቃሚ ዕውቀት ነው።

የተናወጠ ፍሰት ምንድን ነው?

የወንዝ ውሃ በአብዛኛው ቀጥ ብሎ አይፈስም። ከወንዙ ወለልና ዳርቻ ጋር ሲፋተግ ትላልቅና ትናንሽ አዙሪቶች ይፈጠራሉ። እነዚህ አዙሪቶች ወደ ውሃው ገጽ ሲደርሱ የሚከተሉት ምልክቶች ይታያሉ።

• እንደሚፈላ ውሃ ከሥር እየገነፈለ የሚወጣ ደፍራሽ ውሃ፦ ከወለሉ የተነሣ ጠንካራ አዙሪት መኖሩን ያሳያል።
• በአንድ ቦታ እየተሽከረከረ የሚሰረጉድ ውሃ፦ በመንገድ ዳር ከታየ፣ ከሥሩ ውሃ የሚስብ ቱቦ ሊኖር ይችላል።
• ከመሻገሪያ ወይም ከትንሽ ግድብ በታች ነጭ አረፋ እየደፈቀ ወደ ኋላ የሚገለበጥ ውሃ፦ ሰውን ይዞ የማስቀረት ኃይል አለው።

የውሃው ገጽ ጸጥ ማለቱ ብቻውን የደኅንነት ማረጋገጫ አይደለም። ጥልቅ ውሃ ገጹ ሳይናወጥ በፍጥነት ሊጓዝ ይችላል።

ፍጥነቱን ለመገመት

ከዳር ሆነው፣ ወደ ውሃው ሳይገቡ፣ ተንሳፋፊ እንጨት 20 ሜትር ለመጓዝ የሚፈጅበትን ጊዜ ይቁጠሩ። 10 ሰከንድ ከፈጀ የገጹ ፍጥነት በሰከንድ 2 ሜትር ነው። ወለሉ ውሃውን ስለሚያዘገየው አማካይ ፍጥነቱ ከገጹ ፍጥነት 85 በመቶ ገደማ፣ ማለትም በሰከንድ 1.7 ሜትር ይሆናል። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲያድግ የውሃው ግፊት አራት እጥፍ እንደሚሆን ልብ ይበሉ።

ማሳሰቢያ

በፍጥነት የሚፈስ ውሃ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ብቻ ቢኖረውም አዋቂን ሰው ሊጥል፣ 60 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ደግሞ አብዛኞቹን ተሽከርካሪዎች ሊወስድ ይችላል። በመሆኑም፦

• ወለሉ የማይታይ ጎርፍ በእግርም ሆነ በተሽከርካሪ አይሻገሩ፤ ከብቶችንም አይንዱበት።
• ሕፃናትን ከቱቦዎችና ከድልድይ ሥር ያርቁ።
• በወንዝ ዳር ቤት ከመሥራትዎ ወይም የውሃ መሳቢያ ሞተር ከመትከልዎ በፊት ውሃው በክረምት እስከ የት እንደሚደርስ የወረዳዎን የውሃ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።