የዐቢይ ጾም ምንባብና የ1933 ዓ.ም. የጐጃም ጦርነት

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የዐቢይ ጾም እሑዶች ሁሉ የየራሳቸው ስም አላቸው። ዘወረደ፥ ቅድስት፥ ምኵራብ፥ መጻጕዕ፥ ደብረ ዘይት፥ ገብር ኄር፥ ኒቆዲሞስ፥ ሆሣዕና ይባላሉ። በየእሑዱም ከጳውሎስ መልእክት፥ ከሌሎች ሐዋርያት መልእክትና ከሐዋርያት ሥራ ለዕለቱ የተመደበው ይነበብና ካህኑ ወንጌሉን ያሰማል። የገጠሩም ሕዝብ «በመጻጕዕ ሰሞን» ብሎ ከተናገረ ወርና ቀን መጥቀስ አያሻውም።

ይህን ያነሣነው የ1933 ዓ.ም. ጾም በጐጃም ምድር ከጦርነት ጋራ ስለ ተገጣጠመ ነው። የዚያን ዘመቻ ታሪክ የጻፉት የውጭ አገር ሰዎች ቀኑን በራሳቸው አቈጣጠር ስለሚያስቀምጡት፥ ሳምንቱ የምን ሳምንት እንደ ነበረ አንባቢው አያገኘውም። መልሰን ስንቈጥረው ግን ብዙ ነገር ይገለጣል።

በዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 12 ቀን ነበር። ከቡሬ ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ያፈገፍግ የነበረው የኢጣልያ ጦር የካቲት 27 ቀን ደምበጫ አጠገብ መንገዱን የዘጋበትን አንድ የኢትዮጵያውያን ሻለቃ ገጠመ። ዕለቱ ሐሙስ፥ ሳምንቱም ቅድስት ነበረ። ጠላት በቍጥር እጅግ ይበልጥ ስለ ነበር ጥሶ አለፈ፤ ሻለቃውም ብዙ ሰው ሞተበት፥ ቈሰለበት። ነገር ግን ጠላት ደምበጫን ይዞ ሊቈይ አልቻለም፤ ጥቂት ቀን ሳይቈይ ለቆ ሄደ።

የቅድስት ወንጌል ከማቴዎስ ምዕራፍ 6 ነው። ጾምን ለሰው ታይታ ስላለማድረግና ሰው ለሁለት ጌቶች መገዛት እንደማይችል ይናገራል። በዚያን ወራት በጐጃም ይህን ቃል ለሰማ ሰው ትርጓሜ የሚያስፈልገው አይመስለንም። እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ በአርበኝነት ሲታገሉ፥ ደብረ ማርቆስ ላይ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ከኢጣልያኖች ጋራ ነበሩ። አንድ ቤተ ሰብ እንኳ በሁለት ወገን የተከፈለበት ዘመን ነበር።

የእንግሊዙ መኰንን ዊንጌት ለጦሩ ያወጣለት ስምም ከመጽሐፈ መሳፍንት የተወሰደ፥ «የጌዴዎን ጦር» የሚል ነው። ጌዴዎን በ300 ሰው የምድያምን ሰፈር በሌሊት እንዳሸበረ፥ ይህም ጥቂት ጦር በሌሊት እያጠቃ ብዙውን ጠላት አስደንግጧል።

መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደብረ ማርቆስ ገቡ። በዚያው ዕለት አዲስ አበባም በጄኔራል ካኒንግሃም ጦር ተያዘች። ዕለቱ እሑድ፥ የኒቆዲሞስ እሑድ ነበረ። ወንጌሉ በሌሊት ወደ ጌታ ስለ መጣው የአይሁድ አለቃ ነው፤ ከሐዋርያት ሥራ የሚነበበውም የገማልያል ምክር፥ ከሰው የሆነ ሥራ እንደሚጠፋ የተናገረው ነው። እኛ ይህን ተአምር ነው ብለን አንሰብክም፤ ዘመቻውን ያዘጋጁት መኰንኖች ግጻዌ ገልጠው አላዩም። ነገር ግን አምስት ዓመት ሙሉ ያን ምንባብ በባዕድ አገዛዝ ሥር የሰማ ምእመን በዚያ እሑድ እንዴት አድርጎ እንደሰማው መገመት አያስቸግርም።

ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን፥ በበዓለ ኀምሳ መካከል ነው። በጐንደር በኩል ግን ፋሲካም አልፎ፥ ክረምቱም አልፎ፥ ተኵሱ እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. አልበረደም።