ከደምቢያ እስከ ቻግኒ፤ የእርዳታ ሠራተኛ ትምህርት ታሪክ

ከእንጅባራ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚታጠፈው መንገድ በቻግኒ በኩል አልፎ ወደ መተከል ቆላ ይወርዳል። የተቸገረ ሕዝብ በአርባ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ በዚህ አቅጣጫ ተጉዟል፤ አንድ ጊዜ ለሠፈራ ወደ ቆላው ሲወሰድ፣ አንድ ጊዜም ከቆላው ሸሽቶ ሲወጣ። ሊረዳው የተሰለፈው ሠራተኛስ ሥራውን ከየት ተማረው? ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህን ጥያቄ ነው።

ለመልሱ መነሻ የምትሆነን ጎንደር ናት። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1953 በጣና ዳር በሚገኘው በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። በተከታዩ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት የጤና መኰንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ጠባቂ በአንድነት እየሠለጠኑ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩ ጀመር። የትምህርቱ ዋና ብልሃት ከዚህ ላይ ነበር፤ ተማሪው በሽተኛውን ብቻ ሳይሆን ምንጩን፣ ጉድጓዱንና የሚረግፍበትን ረግረግ ጭምር በዓይኑ እያየ ይማር ነበር።

ይሁን እንጂ በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ኮሌጁ ሐኪም ወደ ማሠልጠን ሲዞር የጤና መኰንን ሥልጠና ተቋረጠ። በ1966 ዓ.ም. በወሎ ረኃብ ምክንያት የተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በበኩሉ የዝናብን፣ የሰብልንና የገበያን ወሬ እየሰበሰበ አስቀድሞ ማስጠንቀቅን ይለማመድ ነበር። ይህም ትልቅ ትምህርት ነው፤ ነገር ግን ማስጠንቀቅ አንድ ሙያ፣ የመጣውን መከራ መቀበል ደግሞ ሌላ ሙያ ነው።

የዚህ ልዩነት ዋጋ በፓዌ ታየ። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ ከ80 ሺህ በላይ ሰው ከወሎ፣ ከደቡብና ከሌሎች አካባቢዎች እየመጣ በዚያ ሰፈረ። አብዛኛው ደገኛ እንደ መሆኑ መጠን የቆላ ወባ አልለመደም ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ወራትም ብዙ ሕይወት ጠፋ። ደምቢያ ያስተማረችው ትምህርት በቅርብ ርቀት ሳለ በፓዌ እንደ አዲስ በነፍስ ተገዛ ማለት ይቻላል።

የጤና መኰንን ሥልጠና በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) እንደ ገና ተጀመረ። ከ1997 (እ.ኤ.አ.) ወዲህም የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በካርተር ማዕከል ድጋፍ ስለ ወባ፣ ስለ ተቅማጥ፣ ስለ ምግብ እጥረትና ስለ ሌሎችም የመማሪያ ጥራዞች አዘጋጁ። የጥንቱ የጤና ጣቢያ ቡድን አስተሳሰብ በእነዚህ ጥራዞች ውስጥ ይገኛል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም በ2005 (እ.ኤ.አ.) የአደጋ ሥጋት አመራርን በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ጀመረ። በውጭው ዓለም ደግሞ ከሩዋንዳው እልቂት በኋላ የእርዳታ ድርጅቶች ተሰብስበው ስፊር የተባለውን መመሪያ አወጡ፤ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውኃ፣ ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ ቤት፣ ለአንድ ሰው 3.5 ካሬ ሜትር መጠለያ ይላል።

በ2013 ዓ.ም. ከመተከል የተፈናቀሉ በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ሰዎች በቻግኒ ራንች በተባለው ስፍራ ሲሰበሰቡ፣ እንግዲህ መጽሐፍ ጠፍቶ ነበር አይባልም። ጥያቄው መጽሐፉ በማን እጅ ነው የሚለው ነው። ሕዝቡን አስቀድሞ የሚቀበለው የቀበሌ ሊቀ መንበር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ በጎ ፈቃደኛ ወጣትና እንጀራ የምታካፍል የሰፈር እናት ናቸው። የዩኒቨርሲቲው ጥራዞች ግን የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ የአዊ እናት ደግሞ የምታወራው በአማርኛና በአዊኛ ነው። ደግሞም ቁጥር ልክን ይነግራል እንጂ በክረምት የትኛው ምንጭ እንደሚደፈርስ አይነግርም፤ ይህን የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው።

ስለዚህ ለሙያ ባልደረቦቻችን የምናሳስበው አንድ ነገር ነው። በደምቢያ፣ በፓዌና በቻግኒ የሠሩ ሰዎች ያዩትን፣ የሳቱትንና የቀናላቸውን በሚነገር ቋንቋ፣ በአጭርና በግልጽ ይጻፉት፤ ድንኳኑ ሳይነቀል ይጻፍ። እስካሁን እያንዳንዱ መከራ የራሱን አስተማሪ ሲፈልግ ኖሯል። ያለፈው ለሚመጣው አስተማሪ እንዲሆን ማድረግ ግን ሙያችን የሚጠይቀን ዕዳ ነው።