የጀመዓ ወጣቶች ሰደቃ የሚያሰባስቡባቸው መንገዶች፦ ለመካነ ሰላምና ለምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ከደሴ ተነስቶ ጉጉፍቱንና አቀስታን አልፎ ወደ ቦረና መካነ ሰላም የሚሄድ ሰው በመንገዱ የሚያየው ገብስ፣ ስንዴ፣ ጤፍ፣ በግና ባሕር ዛፍ ነው። በዚህ አገር ሰው እጅ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ጥሬ ብር ነው። የመስጂድ ጀመዓ ወጣቶች ግን የቲም ለመርዳት ወይም መድረሳ ለማደስ ሲነሱ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚያስቡት በከተማ ያዩትን ነው፤ የሂሳብ ቁጥር መለጠፍ፣ በቴሌግራም መጠየቅ፣ ውጭ ያሉ ወንድምና እህቶችን መጠበቅ። ይህም ጥቅም አለው። ነገር ግን አገሩ ያለውን ትቶ የሌለውን መጠየቅ ይሆናል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተፈጠረው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ በስልክ ብቻ የቆመ ሥራ ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ታይቷል።

ስለዚህ የደጋው ጀመዓ ሰደቃ መሰብሰብ ያለበት ሰዉ በእጁ ካለው ነገር፣ ነገሩ በእጁ ባለበት ወቅት ነው። ምን፣ መቼና እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ ከተሰበሰበም በኋላ እንዴት እንደሚጠበቅ ከዚህ በታች ቀርቧል።

መነሻችን ከሱና

ጀሪር ኢብኑ ዐብዲላህ ባስተላለፉትና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ከሙደር ጎሳ የሆኑ ባዶ እግራቸውን ያሉና የተራቆቱ ሰዎች ወደ መዲና መጡ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ችግራቸውን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ካሰገዱ በኋላም ሰዉን ለሰደቃ ቀሰቀሱ። ያለው ከዲናሩና ከዲርሃሙ፣ ሌላው ከልብሱ፣ ከስንዴውና ከተምሩ እንዲሰጥ፣ የተምር ክፋይም ቢሆን እንዳይናቅ ተናገሩ። አንድ የአንሷር ሰው እጁ ሊሸከመው የከበደ ከረጢት ይዞ መጣ፤ ሌላውም ተከተለው። በመጨረሻ የምግብና የልብስ ሁለት ክምር ሆነ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን፦ ሁሉም ካለው ይሰጣል፤ ለሌላው በር የሚከፍተው ደግሞ ቀድሞ የሰጠው ሰው ነው። ጀመዓው ሰውን ከመጠየቁ በፊት የራሱ አባላት ይስጡ።

መጀመሪያ ገንዘቡን በዓይነቱ መለየት

ሁሉንም በአንድ ከረጢት መጨመር ትልቅ ስህተት ነው። ዘካ በሱረቱ ተውባህ አንቀጽ 60 ለተዘረዘሩት 8 ክፍሎች ብቻ ይሰጣል፤ በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ ለመስጂድ ግንባታ አይውልም። ዘካተል ፊጥር ለሚስኪኖች የሚሰጥ ምግብ ሲሆን ከዒድ ሶላት በፊት መድረስ አለበት። ተራ ሰደቃ ሰፊ ነው፤ ለመድረሳም፣ ለሕክምናም፣ ሙስሊም ላልሆነ ጎረቤትም ይሆናል። ቅሬውን ከክርስቲያን ጎረቤቱ ጋር ለሚካፈል የወሎ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ወቅፍ ደግሞ ዋናው ሳይነካ ፍሬው የሚሰጥ ንብረት ነው። ስለዚህ አራት የተለያዩ መዝገቦች ያስፈልጋሉ።

እህል፦ ከአውድማ እስከ ክረምት

ዋናው ወቅት ከኅዳር እስከ ጥር፣ እህሉ ታጭዶ የሚወቃበት ጊዜ ነው። በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ የእህል ዘካ የሚጀምረው ከ5 ወስቅ ነው፤ በዛሬ ሚዛን 6 ኩንታል ተኩል ገደማ ይሆናል። በዝናብ ከበቀለው 10 በመቶ፣ በወጪ በመስኖ ከለማው 5 በመቶ ይወጣል። ይህን የማያውቅ ገበሬ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ የጀመዓው የመጀመሪያ ሥራ ከኢማሙ ጋር ሆኖ በጥቅምት ወር በየመስጂዱ ስሌቱን ማስተማር ነው።

የዘካው እህል ሳይዘገይ ለባለመብቱ ይድረስ። ዘካ ካልደረሰበት ገበሬ ግን አንድ ቁና እህል በሰደቃ መጠየቅ ይቻላል። ይህ የሰደቃ እህል ደረቅ ቦታ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከነቀዝ ተጠብቆ ይቀመጥና ጎተራ በሚራቆትበት በሐምሌና በነሐሴ ይከፋፈላል። በልግ አብቃይ በሆኑት ቀበሌዎች ወቅቱ ስለሚለያይ በአካባቢው አዝመራ ይስተካከል። የአሽዐሪዮች ጎሳ ስንቃቸው ሲያጥር ያላቸውን በአንድ ጨርቅ ሰብስበው እኩል ይካፈሉ እንደነበር፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) እንዳወደሷቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል።

በ2018 እና በ2019 ረመዳን የሚገባው በየካቲት አካባቢ፣ ማለትም አዝመራው ከገባ በኋላ ነው። ለኢፍጣርና ለዘካተል ፊጥር የሚሆነውን እህል ቀደም ብሎ ቃል ማስገባት ይቻላል። የፊጥራው መጠን ለአንድ ሰው አንድ ሷዕ፣ ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ የሚሆን ነው።

በግ

ዓመት የሞላቸውና በግጦሽ የሚያድሩ በጎች 40 ሲደርሱ እስከ 120 ድረስ አንድ በግ ዘካ አለባቸው። ከዚህ ውጭ ጥቂት ቤተሰቦች ተባብረው አንዲት እንስት በግ ለየቲም አሳዳጊ እናት መስጠት ይችላሉ። የመጀመሪያዋ እንስት ግልገል አድጋ ለሌላ ችግረኛ ቤት ትተላለፋለች፤ እናቲቱ በግ እዚያው ትቀራለች። ውሉ በአካባቢው ዓሊም ታይቶ በምስክር ይጻፍ። በጓ ያለ ጥፋት ብትሞት እናትየዋ አትጠየቅም።

ጉልበትና ሙያ

ገመድ ይዞ እንጨት ለቅሞ መሸጥ ሰውን ከመለመን እንደሚሻል ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። በአጨዳ ወቅት ወጣቶች ተሰባስበው የአንድ ቀን ሥራ በክፍያ ቢይዙና ምንዳውን ለጀመዓው ቢሰጡ ከብዙ ልመና ይበልጣል። የታመመ ወይም ረዳት የሌላት እናት ማሳ ደግሞ በደቦ ይታጨድ፤ ይህ ብር የማይጠይቅ ሰደቃ ነው። እህቶች በሶ፣ ቆሎና ስፌት ለገበያ ቀን ማዘጋጀት ይችላሉ። በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የመካነ ሰላም ካምፓስ የሚማሩ ወንድምና እህቶች በሳምንት ሁለት ሰዓት ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆችን ቢያስጠኑ ዕውቀታቸው ሰደቃ ይሆናል።

ባሕር ዛፍ፦ የደጋው ወቅፍ

ዑመር (ረ.ዐ) በኸይበር ያገኙትን መሬት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) አማክረው ዋናው ሳይሸጥ ፍሬው ለድሆች እንዲሰጥ አደረጉ። በመስጂዱ ይዞታ ላይ ወይም ባለቤቱ ወቅፍ ባደረገው ገደላማ ቦታ የሚተከል ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ለአጣና ይደርሳል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ከምንጭና ከእርሻ ማሳ ግን ይራቅ። የይዞታ ወረቀቱ በመስጂዱ ስም ይሁን፤ የወጣት ስም ላይ የተጻፈ ወቅፍ ነገ የውርስ ክርክር ያመጣል።

ዒደል አድሓ

ውጭ አገር ያለ ዘመድ ቁርባኑን ለአገር ቤት ሲወክል ጀመዓው በጉን ገዝቶ፣ በስሙ አርዶ፣ ሥጋውን ያከፋፍላል። አንድ በግ ለአንድ ቤተሰብ፣ አንድ በሬ ለሰባት ሰው ይበቃል። ለአራጁ ክፍያ ሥጋም ቆዳም አይሰጥም፤ ክፍያው ለብቻው ነው። ቆዳ ሰብስቦ ለሰደቃ ማዋል የቆየ ሐሳብ ቢሆንም፣ በቅርብ ዓመታት የቆዳ ዋጋ ስለወደቀ ብዙ አትጠብቁበት።

የማይሆኑ መንገዶች

ትኬት ሸጦ በዕጣ ሽልማት መስጠት፣ ቶምቦላ የሚባለው፣ ቁማር ነው፤ ዓላማው መልካም መሆኑ አያነጻውም። ገንዘብ ሲቀመጥም ከወለድ ነፃ በሆነ ሂሳብ ይሁን፤ ሲቢኢ ኑር፣ ዘምዘም ባንክና ሂጅራ ባንክ ይህን አገልግሎት ይሰጣሉ።

አማናው

ኢብኑል ሉትቢያህ የሚባል የዘካ ሰብሳቢ ተመልሶ፣ ይህ የእናንተ ነው፣ ይህ ለእኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው ባለ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሚንበር ላይ ወጥተው በብርቱ ገሰጹ። ሰብሳቢ መጠየቅ ሱና ነው፤ መጠርጠር አይደለም።

• ሂሳቡ በሦስት ሰዎች ፊርማ ይንቀሳቀስ፤ አንዱ ከወጣቶቹ ውጭ የሆነ ሽማግሌ ይሁን።
• እህል በቁና፣ በግ በቁጥር፣ ብር በደረሰኝ ይመዝገብ፤ መዝገቡ የወረቀት ይሁን።
• በየሦስት ወሩ ገቢና ወጪው ከጁሙዓ በኋላ ይነበብ።
• ሰብሳቢ ነን ብላችሁ ከዘካ ድርሻ አትውሰዱ፤ ያ ድርሻ ኃላፊነት ባለው አካል ለተሾመ ሠራተኛ ነው። ትራንስፖርት ካስፈለገ ለዚያው ተብሎ የተሰጠ ገንዘብ ይኑር።

ሥራው በመስጂዱና በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 የሕግ ሰውነት ባገኘው መጅሊስ የወረዳ መዋቅር ዕውቅና ይሠራ። በማኅበር የሚመዘገብ ካለ፣ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ሕጋዊ የገቢ ማስገኛ ሥራን ይፈቅዳል፤ ትርፉ ግን ለዓላማው ይውላል እንጂ ለአባላት አይከፋፈልም።

የተረጂው ክብር

መምህር በነበርኩበት ጊዜ አንድ ጎበዝ ተማሪ በሰልፍ ላይ ስሙ ተጠርቶ ደብተር ሲቀበል ፎቶ ተነሳ። ደብተሮቹን ክፍል ውስጥ ሲጽፍባቸው አላየሁም። ወሩ ሳያልቅ ከትምህርት ቀረ። ሰጪዎቹ መልካም ሰዎች ነበሩ፤ ልጁ ግን ከደብተሩ ይልቅ ዓይን ከበደው። አላህ በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 264 ሰደቃን በመመጻደቅና በማስከፋት እንዳናበላሽ አስጠንቅቆናል። ለሰጪ ማስረጃ ማሳየት ካስፈለገ እህሉንና ደረሰኙን ፎቶ አንሱ፤ የቲሙን ፊት ተዉት። ዕርዳታው ማታ፣ በቤቱ፣ በአንድ ሰው እጅ ይድረሰው።

ዛሬ መጀመር ለምትፈልጉ፦ በመስጂዳችሁ ዙሪያ ያሉ የቲሞችንና አቅመ ደካሞችን በምስጢር መዝግቡ፤ አንድ ማስቀመጫ ጎተራ አዘጋጁ፤ የመጀመሪያውን ቁና ከየቤታችሁ አምጡ።

አላህ ኒያችንን ያስተካክልልን፣ ሥራችንን ይቀበለን። ወላሁ አዕለም።