ከሽቦ ወደ ሞገድ፦ የጆሮ ማዳመጫ ታሪካዊ ጉዞ

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ አበው። አባባሉ የተነገረው ስለ ሐሜት ቢሆንም፣ ዛሬ በየመንገዱና በየአውቶቡሱ ገመድ አልባ የስቴሪዮ ማዳመጫ በጆሮው ሰክቶ የሚሄደውን ሰው ላስተዋለ ሌላ ፍች ይሰጣል። ይህ ሰው ሙዚቃ ያዳምጥ ወይም ከሩቅ ወዳጁ ጋር በስልክ ይነጋገር እንደሆነ ከአጠገቡ የተቀመጠው አያውቅም። አካሉ እዚህ፣ መስሚያው ግን ሌላ ቦታ ነው። ለመሆኑ ይህ መሣሪያ ከምን ዓይነት ፍላጎት ተወለደ? ሰውንስ ከሰው አቀራረበ ወይስ አራራቀ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመሻት የመሣሪያውን ታሪክ ከሥሩ መመርመር ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጆሮ ማዳመጫ የተወለደው ከመዝናኛ ሳይሆን ከሥራ ነው። በ1880ዎቹ በአሜሪካ የስልክ ማዕከሎች ደንበኛን ከደንበኛ የሚያገናኙት ሠራተኞች ሁለት እጆቻቸው ለሥራ ነጻ መሆን ስለነበረባቸው፣ መስሚያውና መናገሪያው በትከሻ ላይ በሚያርፍ ከባድ መሸከሚያ ተያይዞ ይሰጣቸው ጀመር። በመሆኑም የዛሬው ማዳመጫ ቅድመ አያት ጌጥ ሳይሆን ሸክም ነበር።

ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን ኪነ ጥበብም የስልክን መስመር ለራሷ ፈለገች። በ1881 በፓሪስ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ኤግዚቢሽን፣ ክሌማን አዴር የተባለው ፈረንሳዊ መሐንዲስ በፓሪስ ኦፔራ መድረክ ግራና ቀኝ ድምፅ አስተላላፊዎችን አኑሮ ዜማውን በስልክ ሽቦ ወደ ኤግዚቢሽኑ አዳራሽ አደረሰ። አዳማጩ ለእያንዳንዱ ጆሮ አንዳንድ መስሚያ በመያዙ ዘፋኙ ከአንዱ የመድረክ ጫፍ ወደ ሌላው ሲራመድ በጆሮው ይከተለው ነበር። ስቴሪዮ የሚለው ስያሜ ሳይለመድ ስቴሪዮ ተሰማ ማለት ነው። በ1890 ይህንኑ ዘዴ ለንግድ ያዋለ ቴያትሮፎን የተሰኘ ኩባንያ ተቋቋመ፤ በሆቴሎችና በቡና ቤቶች ሳንቲም ለከፈለ ሰው ሙዚቃና ቴያትር በሽቦ እያሰማ እስከ 1932 ዘለቀ። እንግዲህ ሙዚቃና የስልክ ጥሪ በአንድ መሣሪያ መገናኘታቸው የዘመናችን ግኝት አይደለም። ሁለቱ ገና ከጥንስሱ አብረው ነበሩ።

በ1910 ናትናኤል ባልድዊን በዩታ ክፍለ ግዛት በቤቱ ማድ ቤት የሠራውን ማዳመጫ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል አቀረበ፤ ባሕር ኃይሉም ለራዲዮ ሠራተኞቹ ገዛው። በ1920ዎቹ የራዲዮ ሥርጭት ሲስፋፋ ማዳመጫ ወደ መኖሪያ ቤት ገባ። የአንድ ሰው ጆሮ ብቻ የሚበቃው ይህ መሣሪያ ለቤተሰቡ ሁሉ እንዲሰማ፣ ብልሆች በጎድጓዳ ሳሕን ውስጥ አስቀምጠው ድምፁን ያጎሉት ነበር። ለብቻ የተሠራውን ለጋራ ማዋል የሰው ልጅ ያልተማረው ጥበብ ነው።

ከዚያ በኋላ ማዳመጫው ወደ ሙዚቃ አፍቃሪው ዞረ። በ1958 በሚልዎኪ ከተማ ጆን ኮስ ለተንቀሳቃሽ ሸክላ ማጫወቻ ማጀቢያ እንዲሆን ያቀረበው የስቴሪዮ ማዳመጫ ከማጫወቻው ይበልጥ ተፈላጊ ሆነ። በ1979 ደግሞ የጃፓኑ ሶኒ ዎክማን የተባለውን የኪስ ካሴት ማጫወቻ ለገበያ አዋለ። በመጀመሪያው ዎክማን ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሁለት ሰዎች አብረው እንዲያዳምጡ ሁለት የማዳመጫ ቀዳዳዎች ነበሩት፤ ሙዚቃውን ዝቅ አድርጎ እርስ በርስ በማይክሮፎን የሚያነጋግር ቁልፍም ነበረው። ሠሪዎቹ አዳማጩ ብቸኛ እንዳይሆን የሰጉ ይመስላል። ውሎ አድሮ ግን ሁለተኛው ቀዳዳም ቁልፉም ቀሩ፤ ለብቻ ማዳመጥ ልማድ ሆነ።

የቀረው ሽቦው ነበር። በ1994 በስዊድን ሉንድ ከተማ፣ በኤሪክሰን ኩባንያ ውስጥ፣ ሆላንዳዊው መሐንዲስ ያፕ ሃርትሰን ሽቦን በአጭር ርቀት የራዲዮ ሞገድ የሚተካ ዘዴ ማጥናት ጀመረ። ዘዴው በ10ኛው መቶ ዓመት በነበረ የዴንማርክ ንጉሥ ቅጽል ስም ብሉቱዝ ተባለ። መልእክቱ እንዳይታወክ በ79 መስመሮች መካከል በሴኮንድ እስከ 1600 ጊዜ እየዘለለ ይጓዛል። መጀመሪያ የተስፋፉት ባለ አንድ ጆሮ የስልክ መነጋገሪያዎች ሲሆኑ፣ የስቴሪዮ ሙዚቃ ማስተላለፊያው ደንብ የወጣው በ2003 ነው።

የሙዚቃና የጥሪ ጥንታዊ ጉርብትና እዚህ ላይ ወደ ሽሚያ ተለወጠ። ሙዚቃ ወደ ጆሮ ብቻ ይፈስሳል፤ ስለሆነም ሞገዱን ሁሉ ለጥራቱ ይጠቀምበታል። ጥሪ ግን መስማትም መናገርም ስለሆነ መንገዱን ለሁለት ይከፍላል። ከዚህም የተነሣ በሙዚቃ ውስጥ በሴኮንድ 44100 ጊዜ ይለካ የነበረው ድምፅ፣ ጥሪ ሲገባ በቀድሞው ደንብ ወደ 8000 ይወርዳል፤ ስቴሪዮነቱም ይቀራል። ብዙዎች ጥሪ ሲመጣ ማዳመጫቸው የተበላሸ የሚመስላቸው በዚህ ምክንያት ነው። ምላሽ መስጠት ዋጋ ያስከፍላል፤ የሚናገር ሰው ከመስማቱ ጥቂት ይቀነስበታል።

ምቾቱ ግን ያለ ጉዳት አልመጣም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እንዳስታወቀው ከአንድ ቢሊዮን የሚበልጡ ወጣቶች ጥንቃቄ በጎደለው አደማመጥ ምክንያት የመስማት ችሎታቸውን ለማጣት ተጋልጠዋል። ይህ የሥጋዊው ጆሮ ጉዳት ነው፤ የማኅበራዊው ጆሮ ጉዳት ግን በዲሲቤል አይለካም። ልጁን ለመጥራት ትከሻውን መነካካት የግድ የሆነባት እናት ታውቀዋለች።

ሆኖም ታሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይጓዝም። በ2020 ይፋ የሆነው አዲሱ የብሉቱዝ ድምፅ ሥርዓት ከአንድ ምንጭ ለብዙ ማዳመጫዎች በአንድ ጊዜ ማስተላለፍን ይፈቅዳል። የዎክማን ሁለተኛ ቀዳዳ በሞገድ መልክ ተመለሰ ቢባል ማጋነን አይሆንም። እንግዲህ መሣሪያው በራሱ አያቀራርብም፣ አያራርቅምም፤ ቀዳዳው ሁለት ቢሆንም ሁለተኛውን ሰው የሚጋብዘው ባለቤቱ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ እንዳይሆን፣ ለሙዚቃው የሰጠነውን ያህል በአጠገባችን ለሚናገረውም እንስጠው።