መጣ? ሄደ?

ልጅ ሳለሁ ቤት ውስጥ የተሰጠኝ ሥራ አንቴና ማዞር ነበር። ግቢያችን ሲኒማ ራስ ጀርባ ነው። ቆርቆሮው ላይ እወጣና የአንቴናውን ዘንግ በሁለት እጄ ይዤ ወደ ታች እጮሃለሁ፦ «መጣ?» አባቴ ቴሌቪዥኑ ፊት ሆኖ ይመልሳል፦ «መጣ፣ መጣ! እንዳትነካው!» እጄን ስለቅ ደግሞ «ሄደ!» እንዲህ እየተባባልን ዜናው ያልቃል።

ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከሲኒማው ነው፤ ድሮ ሰው ምስል ለማየት ከቤቱ ይወጣ ነበር። ምስሉ ራሱ ወደ ቤት መምጣት የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዕለት ሥራ ሲጀምር ነው። ቀለም የመጣው ደግሞ 20 ዓመት ቆይቶ፣ በ1977 ዓ.ም. ኢሠፓ በተመሠረተበት ሰሞን። ልብ በሉ፤ ሁለቱንም ጊዜ ቀኑ የመንግሥት በዓል ነው።

ለዲጂታልም ቀን ተቆርጦለት ነበር። በ1998 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ የአውሮፓ፣ የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች ተሰብስበው ሰኔ 10 ቀን 2007 ዓ.ም.ን የአናሎግ ማብቂያ አደረጉት፤ ለአንዳንድ አገሮች ብቻ ተጨማሪ ጊዜ ተሰጠ። ከዚያ ወዲያ የአናሎግ ሥርጭት ከጎረቤት አገር ሞገድ የሚጠብቀው ሕግ የለም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ አናሎግ አንድ ጣቢያ በሚያስቀምጥበት የሞገድ ቦታ ዲጂታል ብዙ ጣቢያ ይደረድራል።

ያ ቀን ሲደርስ እኛ ቤት ማንም ልብ አላለውም። አንቴናችን ከወረደ ቆይቷል፤ ዘንጉ ልብስ ማስጫ ሆኖ ነበር። ዲጂታል ቤታችን የገባው በአዋጅ ሳይሆን አባቴ መርካቶ ተከራክሮ በገዛው ዲሽና ሪሲቨር ነው። የገጠመው አንድ የሰፈር ልጅ ነው፤ እሱም ቆርቆሮ ላይ ቆሞ «መጣ?» ይል ነበር። የብዙ አዲስ አበቤ ቤት ሽግግር በዚህ መንገድ፣ ከኪስ በወጣ ብርና በእንዲህ ዓይነት ልጆች እጅ የሆነ ይመስለኛል። በ2008 ዓ.ም. ቃና ሲጀምር እኮ ሰዉ ወደ ጣሪያው የወጣው ለጄኔቫ ብሎ አይደለም።

አንዴ ከተገጠመ አለቀ ብለን ነበር። አላለቀም። በ2012 ዓ.ም. ኢትዮሳት መጣ። ጣቢያዎቻችን በምዕራብ በኩል 7 ዲግሪ ላይ ካለው ናይልሳት እየለቀቁ በምሥራቅ በኩል 57 ዲግሪ ላይ ወዳለው ሳተላይት ገቡ። ከኮልፌ በኩል ያይ የነበረው ዲሽ ሁሉ ፊቱን ወደ ተክለ ሃይማኖት በኩል አዙሮ አንገቱን ቀና ማድረግ ነበረበት። ማዞሪያውን ደግሞ የሚከፍለው ባለቤቱ ነው።

እኛ ቤት ይህ የሆነው በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ነው። አጎቴ ወታደር ነበር፤ ስልኩ አይሠራም። አያቴ፣ እማማ፣ ማታ ማታ የ2 ሰዓት ዜና አያመልጣቸውም። አንድ ማታ ሪሞቱን ቢጫኑ ሰማያዊ ስክሪን ላይ «ሲግናል የለም» ይላል። እኔ ያኔ ሌላ ሰፈር ተከራይቼ ነው የምኖረው፤ ዜናውን በስልኬ ስለማይ የእማማ ጣቢያ መጥፋቱን እንኳ አላወቅኩም። እሳቸውም ሰው ማስቸገር አይወዱም። ስድስት ማታ ያንን ሰማያዊ ስክሪን ሲያዩ አመሹ።

በእሁዱ ስመጣ አንድ ነገር ብቻ አሉኝ፦ «የዱሮው ሲበላሽ እንኳ ድምፁ ይሰማ ነበር።»

እውነታቸውን ነው። አናሎግ ሲደክም ቀስ እያለ ነው የሚሄደው፤ ምስሉ በነጭ ነጠብጣብ ይሸፈናል፣ ድምፁ ይሻክራል፣ ግን አለ። ዲጂታል ሞገዱ ከተወሰነ መጠን ሲወርድ ቁጥሮቹን መልሶ መገጣጠም ስለማይችል ድርግም ይላል። ወይ ጥርት ብሎ አለ፣ ወይ የለም። ለእማማ በዚያ ሰሞን «የለም» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ያሰብኩት ያኔ ነው።

ያን ቀን ዲሽ ሠሪ አልጠራሁም። ከስንት ዓመት በኋላ ራሴ ቆርቆሮው ላይ ወጣሁ። ሳህኑን በትንሽ በትንሹ ወደ ምሥራቅ እየገፋሁ ወደ ታች ጮህኩ፦

«እማማ፣ መጣ?»

ዝም አሉ። ትንሽ ቆይቶ የዜና አንባቢው ድምፅ ከቤት ሲወጣ ሰማሁ። ከዚያ እማማ፦ «መጣ! እንዳትነካው!»