የአታሪ ስም ስንቴ ተሸጠ?

በጌም ዓለም ስም የመቀየር ወሬ ጠፍቶ አያውቅም። እገሌ ኩባንያ ስሙን ሊጥል ነው፣ እገሌ ደግሞ የከሰረ ድርጅት ስም ሊገዛ ነው ይባላል። አብዛኛው ወሬ ሆኖ ይቀራል። አንዳንዱ ግን እውነት ሆኖ ቁጭ ይላል። ለምሳሌ ዛሬ አታሪ ተብሎ የሚጠራው ኩባንያ ፖንግን የሠራው አታሪ አይደለም። ልጁም አይደለም፤ ስሙን በገንዘብ የገዛ የፈረንሳይ ድርጅት ነው። እንዴት ሆነ? እንጨዋወት። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ ራሱ ሁለተኛ ምርጫ ነበር። ኖላን ቡሽኔልና ቴድ ዳብኒ ሥራ የጀመሩት «ሲዚጂ» በሚል ስም ነው፤ የሰማይ አካላት በአንድ መስመር ሲሰለፉ የሚባለው ነገር። በ1972 በካሊፎርኒያ ሊመዘገቡ ሲሉ ስሙን ሌላ ድርጅት ቀድሞ ይዞታል። ቡሽኔል ጎ የሚባለውን የእስያ የጠጠር ጨዋታ ይወድ ስለነበር «አታሪ»ን ከዚያ አመጣ። ጠጠሩ ሊበላ አንድ እርምጃ ብቻ ቀርቶታል ማለት ነው፤ የቼዝን «ቼክ» አስቡ። በዚያው ዓመት አል አልኮርን ፖንግን ሠራላቸውና ገንዘቡ ጎረፈ። በ1976 ዋርነር ኮሙኒኬሽንስ ቤቱን በ28 ሚሊዮን ዶላር ገዛው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የስም ነገር ከተነሳ እኛን የሚያናድደን ይሄኛው ነው። በዚያ ዘመን አንድን ጌም አንድ ሰው ብቻውን ነበር የሚሠራው፤ ሐሳቡ፣ ሥዕሉ፣ ድምፁ፣ ኮዱ የእሱ ነው። ሳጥኑ ላይ ግን «አታሪ» ብቻ ይደምቃል፣ የልጁ ስም የትም የለም። ዴቪድ ክሬን፣ ላሪ ካፕላን፣ አላን ሚለርና ቦብ ኋይትሄድ ለሥራቸው እውቅናና የተሻለ ክፍያ ጠየቁ። ክሬን ኋላ እንደተረከው፣ ኃላፊው ሬይ ካሳር የመለሰላቸው ፋብሪካ ውስጥ ካርትሪጁን ከሚገጣጥመው ሠራተኛ አትበልጡም ብሎ ነው። (የገጣጣሚውስ ስም መቼ ተጻፈ?) አራቱ ጥለው ወጡና በ1979 አክቲቪዥንን መሠረቱ። እዚያ የሠሪው ስም ይታወቅ ጀመር።

ዋረን ሮቢኔት ደግሞ ጥያቄም አላበዛ። «አድቬንቸር» በተባለው ጌሙ ውስጥ ድብቅ ክፍል ሠርቶ ስሙን እዚያ ጻፈና፣ ለአለቆቹ ትንፍሽ ሳይል ሥራውን ለቀቀ። ምስጢሩ የወጣው አንድ ተጫዋች ልጅ ክፍሉን አግኝቶ ለኩባንያው ደብዳቤ ሲጽፍ ነው። ጎበዝ!

በ1983 የአሜሪካ የጌም ገበያ ተንኮታኮተ። አታሪ ያልተሸጠለትን ካርትሪጅ በጭነት መኪና እያስጫነ በኒው ሜክሲኮ፣ አላሞጎርዶ በሚባል ቦታ ቀበረው። በ2014 ተቆፍሮ ወጥቷል። አባቶች ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ፤ ይሄኛው ስም ደግሞ ከመቃብር በላይ ውሎ ገበያ ወጣ።

በ1984 ዋርነር ቤቱን ለሁለት ቆረጠው። ኮንሶሉንና ኮምፒውተሩን ለኮሞዶሩ ሰው ለጃክ ትራሚየል ሸጠ። ሳንቲም የሚጎርሱትን ማሽኖች የሚሠራው ክፍል ግን «አታሪ ጌምስ» ተብሎ ለብቻው ቀረ። በአንድ ጊዜ ሁለት አታሪ! ግራ መጋባት እንዳይመጣ «አታሪ ጌምስ» ለቤት በሚሸጥ ዕቃ ላይ ስሙን መጠቀም አይችልም ተባለ። ስለዚህ ለኒንቴንዶ ኮንሶል ጌም መሸጥ ሲያምረው ሌላ ስም አወጣ፤ «ቴንገን»። ይህም የጎ ቃል ነው፣ የሰሌዳው መሀለኛ ነጥብ። ከቤት የተባረረ ልጅ የአባቱን ጨዋታ ይዞ እንደወጣ ቁጠሩት።

የትራሚየል አታሪ በ1996 ሃርድ ዲስክ ከሚሠራ ጄቲኤስ ከሚባል ኩባንያ ጋር ተቀላቀለ። ጄቲኤስ ደግሞ በ1998 ስሙንና የጌም መብቶቹን ለሃዝብሮ ኢንተራክቲቭ በ5 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ሃዝብሮ ኢንተራክቲቭን በ2001 የጠቀለለው ኢንፎግራምስ ነው፤ በ1983 በሊዮን ከተማ የተመሠረተ፣ አርማው ላይ አርማዲሎ የሚባል እንስሳ ያለበት የፈረንሳይ ድርጅት። ከዚያ የፈራነው ሆነ። በ2003 የአሜሪካው ቅርንጫፉ «ከዛሬ ጀምሮ አታሪ ነኝ» አለ፤ በ2009 እናት ድርጅቱም ተከተለ።

በዚያው በ2003 ሌላ ነገርም ሆኗል። ከመጀመሪያው ቤት ሳይቋረጥ የወረደው «አታሪ ጌምስ» በሚድዌይ እጅ ገብቶ፣ በ1999 «ሚድዌይ ጌምስ ዌስት» ተብሎ ነበር። በ2003 ጭራሹን ተዘጋ። የሥጋ ልጅ ስሙን ተቀምቶ ሲሞት፣ ባዕዱ በስሙ ግብዣ ላይ ነበር ማለት ነው።

ሕጉ ለዚህ ይመቻል። ፓተንት ጊዜው ያልፋል፣ የደራሲ መብትም አንድ ቀን ያበቃል። የንግድ ምልክት ግን እስከተሠራበት ድረስ አይሞትም። በአሜሪካ ሕግ ሦስት ዓመት በተከታታይ ካልተሠራበት እንደተተወ ሊቆጠር ይችላል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ስሙን ሥራ አያስፈታውም፣ ቲሸርትም ላይ ቢሆን ያትመዋል። በሕግ ዓይን ምልክቱን የያዘው ነው ባለቤቱ፤ ፖንግን ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ስም መግዛት ያዋጣል ወይ? አንዳንዴ። አክቲቪዥን ራሱ በ1988 «ሚዲያጄኒክ» ልባል ብሎ ነበር። ማን እንደሆነ የሚያውቀው ጠፋ፣ ከሰረም፤ አዲሶቹ ባለቤቶች ወደ ድሮ ስሙ መለሱት። ለፈረንሳዮቹ ግን ስሙ ብቻውን ዳቦ አልሆነም። በ2013 የአሜሪካው አታሪ ኪሳራ አውጆ ፍርድ ቤት ገባ። በ2020 ደግሞ በአታሪ ስም ሆቴሎች ሊሠሩ ነው ተባለ። ሆቴል! አንሶላው ላይ ፖንግ ሊጫወቱ?

ደግ ነገርም አልጠፋም። በ2022 በወጣው «አታሪ 50» በተባለው ስብስብ ላይ አል አልኮርንና ሌሎች የድሮ ሰዎች በቪዲዮ ቀርበው ምን እንደሠሩ በራሳቸው አንደበት ይናገራሉ። ሃምሳ ዓመት ዘገየ እንጂ። በ2024 ደግሞ አታሪ የጥንት ባላንጣውን የኢንቴሊቪዥንን ስም ገዛ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ አታሪን ሲያጣጥል የነበረውን ያንኑ ኮንሶል። በዚያው ዓመት ሌላ የተጣለ ስም ከመጋዘን አውጥቶ አዲስ የጌም አሳታሚ ክፍሉን ሰየመበት። ስሙ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ኢንፎግራምስ!